ቤት ለሚሸጥና ለሚገዛ ሰው የሚገባ ምክር

ምስጋና ለአላህ ይገባው፤ ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፥ በቤተ ሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ከዚህ በኋላ፥ ወንድሜ ሆይ፥ ቤት እንደ ሌላው ሸቀጥ እንዳይደለ ዕወቅ። በጨርቅ ወይም በቡና የከሰረ ነጋዴ በሚመጣው ገበያ ኪሣራውን ያካክሰው ይሆናል። ቤት የገዛ ሰው ግን የብዙ ዓመት ድካሙን በአንድ ቀን ይከፍላል፤ ሚስቱንና ልጆቹንም በውስጡ ያኖራል። ስለዚህ በቤት ሽያጭ ማታለል አንድን ሰው ብቻ ሳይሆን አንድን ቤተ ሰብ መበደል ነው።

ሰው ነገ የሚሆነውን አያውቅም፤ ሸሪዓም የማታውቀውን እንድትገልጽ አያስገድድህም። የምታውቀውን እንዳትሸሽግ፥ የሚያሠጋህንም ከውል በፊት እንድትናገር ግን ያዝሃል። በሁለተኛው ኸሊፋ በዑመር ኢብኑል ኸጣብ ዘመን (ከ13 እስከ 23 ዓመተ ሒጅራ) ናፊዕ ኢብኑ ዐብዱል ሓሪስ ለወህኒ የሚሆን ቤት በመካ ከሰፍዋን ኢብኑ ኡመያ ገዛ። ዑመር ቢወዱ ሽያጩ ሊጸና፥ ባይወዱ ግን ሰፍዋን 400 ሊቀበል አስቀድመው ተስማሙ። እንግዲህ ሊሆን የሚችለውን ሁሉ ከመሆኑ በፊት እንደ ወሰኑት አስተውል።

አንደኛ፥ ሻጭ የቤቱን ጉድለት ይግለጽ። በክረምት ውሃ የሚያስገባውን ግድግዳ በበጋ ኖራ ቀብቶ የሚሸጥ ሰው፥ «ገዢው በዓይኑ አይቷል፤ ለምን አልጠየቀም?» ይላል። ነቢዩ ግን በገበያ እጃቸውን በእህል ክምር ውስጥ አግብተው እርጥበት ባገኙ ጊዜ፥ ሻጩ ዝናብ እንደ ነካው ነገራቸው። እርሳቸውም ሰው እንዲያየው ከላይ ስላላደረገው ወቀሱት፤ የሚያታልልም ከእርሳቸው ወገን እንዳይደለ አስታወቁ። ያ እህል ይበላና ያልቃል፤ ግድግዳው ግን ክረምት በመጣ ቍጥር በሻጩ ላይ ይመሰክራል።

ሁለተኛ፥ ገዢ ኺያርን፥ ማለት ውሉን የማጽናት ወይም የማፍረስ ምርጫን ይወቅ። በኢማም አቡ ሐኒፋና በኢማም ሻፊዒ ዘንድ በስምምነት የሚደረገው የምርጫ ጊዜ ከ3 ቀን አያልፍም፤ በኢማም አሕመድ ዘንድ ግን ጊዜው የታወቀ ይሁን እንጂ ከዚያ ሊረዝም ይችላል። ከሽያጭ በፊት የነበረ፥ ገዢውም ያላወቀው ጉድለት ቢገኝ ቤቱን የመመለስ መብት አለው። ነገር ግን ጉድለቱን እንዳወቀ ሳይዘገይ ይናገር፤ ዐውቆ ዝም ብሎ መኖር እንደ መውደድ ይቈጠራልና።

ሦስተኛ፥ ስለ ቀብድ ተጠንቀቅ። ገዢው ቢተው ቀብዱ ለሻጭ ይቅር የሚለውን ውል ኢማም አቡ ሐኒፋ፥ ኢማም ማሊክና ኢማም ሻፊዒ ከልክለዋል፤ ኢማም አሕመድ ፈቅደዋል፤ ማስረጃቸውም ያ የመካው ቤት ነው። ስለዚህ ገንዘብ ከመቀበልህ በፊት ዓሊም ጠይቅ፤ ገዢው ገንዘብ በማጣት ቢቸገርም ቀብዱን መመለስ በሁሉም ዘንድ የተወደደ በጎነት ነው።

አራተኛ፥ የውርስ ቤት ከሆነ የወራሾችን ድርሻ አስቀድመህ ለይ። እኅትህ ስላፈረች ዝም ብትል ዝምታዋን እንደ ፈቃድ አትቍጠረው። የየቲም ድርሻም ለልጁ ግድ ወይም ግልጥ ጥቅም ካልሆነ አይሸጥም። ገዢም ይህን ሳይመረምር ቢከፍል፥ ከዓመታት በኋላ ባለ መብቱ ሲመጣ ልጆቹን ይዞ ወደ ክርክር ይገባል።

አምስተኛ፥ ውልህን ጻፍ። አላህ በአል-በቀራ ምዕራፍ በ282ኛው አንቀጽ በጊዜ የተወሰነ ዕዳ እንዲጻፍ፥ በሽያጭም ጊዜ ምስክር እንዲቆም አዟል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የአገራችን የፍትሐ ብሔር ሕግም የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ይጠይቃል። «ወንድሜ ነው፤ አምነዋለሁ» ብለህ ጽሕፈትን አትተው። ጽሕፈት ወንድምን መጠርጠር አይደለም፤ ከሁለታችሁ አንዱ ቢሞት ልጆቻችሁ እንዳይጣሉ መጠበቅ ነው።

እንግዲህ ወንድሜ ሆይ፥ ቤትህን ስትሸጥ ነገ በዚያ በር በኩል ስታልፍ አንገትህን እንዳትደፋ አድርገህ ሽጥ። እውነት ተናግረህ ዋጋው ቢቀንስ የቀረልህ በረካ አለው፤ ሸሽገህ የጨመርኸው ግን ከሌላው ሀብትህ ጋር ገብቶ በረካውን ያጠፋዋል። አላህ ቤታችንን በሐላል የተሠራ፥ በሐላልም የተገዛ ያድርግልን። አሚን።