የሰርቨር ሰዓትና የካርቱም ሰዓት

በሆስቲንግ ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ካሉት ቅንብሮች ሁሉ በቀላሉ የሚዘነጋው የሰዓት ቀጠና ነው። ድረ ገጹ ያለ እሱም ይከፈታልና። ስህተቱ ብቅ የሚለው ቀጠሮ ሲዛነፍ፣ የዛሬ ደረሰኝ የትናንትን ቀን ይዞ ሲወጣ ነው።

ሱዳን ከዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት በ2 ሰዓት ትቀድም ነበር። ጥር 6 ቀን 1992 ዓ.ም. አንድ ሰዓት ጨምራ ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ሆነች። ጥቅምት 22 ቀን 2010 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 1 ቀን 2017) እኩለ ሌሊት ላይ ደግሞ የጨመረችውን መልሳ ቀነሰች። በዚያች ሌሊት ካርቱም ውስጥ ከ23:00 እስከ 24:00 ያለው ሰዓት ሁለት ጊዜ ተቆጠረ። ደቡብ ሱዳን ግን በነበረው ሰዓት እስከ ጥር 24 ቀን 2013 ዓ.ም. ስለቀጠለች፣ ካርቱምና ጁባ ከሦስት ዓመት በላይ በአንድ ሰዓት ተለያይተው ቆይተዋል።

ስለዚህ ፓነሉ ላይ የሚመረጠው የከተማው ስም እንጂ «ሲደመር 3» የሚል ቁጥር መሆን የለበትም። ቁጥር ባለበት ይቀራል፤ «አፍሪካ/ካርቱም» የሚለው ስም ግን የከተማዋን የሰዓት ታሪክ በሙሉ ከያዘ መዝገብ ጋር የተያያዘ ነው። የጎረቤት ከተማ ስምም አያስተማምንም። አዲስ አበባን የመረጠ የካርቱም ድረ ገጽ ለ17 ዓመታት ያህል ትክክል ሆኖ ይታያል፤ ከዚያች ሌሊት በኋላ ግን አንድ ሰዓት ይቀድማል። ካይሮም በ2015 ዓ.ም. የበጋ ሰዓት አቆጣጠርን መልሳ ስለጀመረች፣ ከካርቱም ጋር እኩል የምትሆነው በከፊል ዓመቱ ብቻ ነው።

በሲፓነል ውስጥ ይህ የሚስተካከለው የፒኤችፒ ቅንብሮች ማረሚያው ላይ፣ «ዴት ታይምዞን» በሚለው መስመር ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ፒኤችፒ ብዙውን ጊዜ የራሱን የሰዓት መዝገብ ቅጂ ይዞ ይጫናል፤ ማይኤስኪውኤልም የቀጠና ስሞችን የሚያነበው ከራሱ ሠንጠረዦች ነው። የሰርቨሩ ስርዓተ ክወና ስለታደሰ ብቻ ሁለቱ አይታደሱም። ሰርቨሩን ከሌሎች ጋር የሚጋራ ደንበኛ ይህን በራሱ ማደስ ስለማይችል አስተናጋጁን ድርጅት መጠየቅ አለበት። በክሮን የሚታዘዙ ሥራዎችም በአብዛኛው የሚሄዱት በሰርቨሩ ሰዓት ነው። ሰርቨሩ በመነሻው ሰዓት ከተቀመጠ፣ በካርቱም ሌሊት 2:00 ላይ እንዲሠራ የተፈለገ ምትክ ቅጂ ፓነሉ ላይ 0:00 ተብሎ ይጻፋል።

ያለፈ ድርጊት በመነሻው ሰዓት ዳታቤዝ ውስጥ ቢቀመጥ ጥሩ ነው፤ ገንዘብ የተከፈለበት ቅጽበት አይለወጥም። ለወደፊት ቀጠሮ ግን ይህ ዘዴ አይበቃም። ለኖቬምበር 5 ቀን 2017 በካርቱም 9:00 የተያዘ ቀጠሮ ከለውጡ በፊት 6:00 ተብሎ ተመዝግቦ ከነበረ፣ ከለውጡ በኋላ 8:00 ሆኖ ይነበባል፤ ባለ ቀጠሮውም አንድ ሰዓት ቀድሞ ይመጣል። መፍትሔው የአካባቢውን ሰዓትና የከተማውን ስም ጎን ለጎን መዝግቦ፣ ስሌቱን ቀኑ ሲደርስ መሥራት ነው።

ቅንብሩን ለመፈተን የእጅ ሰዓትን ማየት ብቻውን አይበቃም። ከኖቬምበር 1 ቀን 2017 በፊትና በኋላ ያሉ ሁለት ቀኖች በአጭር የፒኤችፒ ፋይል ለካርቱም ይሰላሉ። የፊተኛው ከመነሻው 3 ሰዓት፣ የኋለኛው 2 ሰዓት ቀድሞ ከታየ መዝገቡ ታድሷል። ሁለቱም 3 ካሳዩ መዝገቡ አሮጌ ነው።