የእውነት ደብዳቤ ከሐሰት ደብዳቤዎች መካከል ለምን ይወድቃል?

በዚህ የትምህርት አምድ ስለ የቲሞች አስተዳደግና ስለ አሳዳጊዎች ኃላፊነት ስንማማር ቆይተናል። ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ለአንዳንዶች ከዚህ የራቀ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ይኸውም በኢሜይል የምንጻጻፈው ደብዳቤ አጻጻፍና ስፓም ስለሚባለው ያልተፈለገ መልእክት ነው። ይህን ለማንሣት ያስገደደኝ ግን የገዛ ራሴ ስሕተት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የአንዲት የቲም ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ ቀነ ገደብ በቀረበ ጊዜ፣ ለ120 ያህል ለጋሾች በአንድ ጊዜ ኢሜይል ላክሁ። ርዕሱን «አስቸኳይ!!! እርዳታ!!!» አልሁት። ጽሑፉን በቀይ ቀለም አስጌጥሁ፤ የልጅቱን ፎቶ አያያዝሁ፤ የሁሉንም አድራሻ «ለ» በሚለው መስመር ላይ ደረደርሁ። መልስ የሰጡኝ ዘጠኝ ሰዎች ብቻ ነበሩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ አንዱን ወንድም በስልክ ባገኘው «ኡስታዝ፣ ምንም የደረሰኝ ነገር የለም እኮ!» አለኝ። ኋላ ሲፈልገው ደብዳቤዬን ከመድኃኒት ሻጮችና ከሎተሪ አብሳሪዎች መካከል አገኘው። ጉዳቱ በዚህ አላበቃም። ወር ሳይሞላ፣ ከእነዚያው ሰዎች ለአንዳንዶቹ የእኔን ስምና የልጅቱን ፎቶ የያዘ፣ የባንክ ቁጥሩ ግን የሌላ ሰው የሆነ ደብዳቤ ደረሳቸው። አንዲት እናት አምነው ገንዘብ ልከው ነበር።

ይህ ለምን እንደደረሰብኝ ለመረዳት የስፓምን ታሪክ ጥቂት ማወቅ ጠቀመኝ። እ.ኤ.አ. በ1978 በአሜሪካ ጌሪ ተርክ የተባለ የኮምፒውተር ኩባንያ ሠራተኛ፣ የኢንተርኔት ቀዳሚ በነበረው አርፓኔት አማካይነት ለ400 ያህል ሰዎች ያልጠየቁትን የሽያጭ ማስታወቂያ በአንድ ጊዜ ላከ። የአድራሻዎቹ ብዛት ከተመደበላቸው መስመር አልፎ ወደ ደብዳቤው ሆድ እንደፈሰሰ ይነገራል። እኔም ያደረግሁት ከዚህ የራቀ አልነበረም! እ.ኤ.አ. በ1994 ደግሞ በአሪዞና የነበሩ ካንተርና ሲገል የተባሉ ባልና ሚስት ጠበቆች፣ እኛ ዲቪ የምንለውን ሎተሪ ክፍያ ተቀብለን እንሞላለን የሚል ማስታወቂያ በሺዎች በሚቆጠሩ የውይይት መድረኮች ላይ በተኑ። በዚያ ጊዜ ማንም ሰው ያለ ክፍያ ራሱ ማመልከት ይችል ነበር። ስሙን በተመለከተ፣ ስፓም በመጀመሪያ የታሸገ የአሳማ ሥጋ መጠሪያ ነው፤ አንድ የብሪታንያ የቀልድ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1970 ቃሉን እስኪያሰለች በመደጋገሙ፣ ለሚያሰለች መልእክት ስም ሆኖ ቀረ። ከእኛ ማዕድ ውጭ የሆነ ነገር ከመልእክት ሣጥናችን አለመጥፋቱ ያስገርማል።

የስፓም ብዛት ማጣሪያን ወለደ። እ.ኤ.አ. በ2002 ፖል ግራሃም የተባለ የፕሮግራም ጸሐፊ በሰፊው ያስተዋወቀው ዘዴ እንዲህ ነው። ኮምፒውተሩ የስፓም ክምርና የወዳጅ ደብዳቤ ክምር ይሰጠውና እያንዳንዱ ቃል በየትኛው ክምር እንደሚበዛ ይቆጥራል። ለምሳሌ አንድ ቃል ከ100 ስፓሞች በ80ው፣ ከ100 የወዳጅ ደብዳቤዎች ግን በ2ቱ ብቻ ቢገኝ፣ ያን ቃል የያዘ አዲስ ደብዳቤ ይጠረጠራል፤ የብዙ ቃላት ጥርጣሬ ሲደመር ፍርዱ ይወጣል። ዛሬ ያሉት ማጣሪያዎች ከቃላት ሌላ የላኪውን አድራሻና የቀድሞ ተቀባዮችን አቤቱታ ጭምር ይመረምራሉ። ማጣሪያው የላኪውን ኒያ አያውቅም፤ የሚያየው መልኩን ነው። በጩኸት የተሞላ ርዕስ፣ የቃለ አጋኖ ብዛት፣ ገንዘብ ላኩ የሚል ቃልና አንድ መቶ ሃያ አድራሻ በአንድ ላይ ሲያገኝ፣ የእኔን ደብዳቤ ከአታላዮች ጋር ቢያስቀምጠው አልፈርድበትም።

የሐሰቱ ደብዳቤ ጉዳይ ግን ከዚህ የከፋ ነው። አድራሻዎቹን ሁሉ ለሁሉም ገልጬ ስልክ፣ ደብዳቤው በእጁ የገባ ማንኛውም ሰው የለጋሾቻችንን ዝርዝር አገኘ ማለት ነው። ስሜን መዋሱም ቀላል ነበር። ኢሜይል የሚላክበት ሥርዓት በ1980ዎቹ ሲዘረጋ የላኪን ማንነት የማረጋገጫ መንገድ አልነበረውም፤ በፖስታ ጀርባ ላይ የፈለጉትን ስም እንደ መጻፍ ያህል ነው። በኋላ ማረጋገጫዎች ተጨምረዋል፤ እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮም ጂሜይልና ያሁ በብዛት የሚልኩ ሁሉ ይህን ማረጋገጫ እንዲያሟሉ ግድ ብለዋል። ሆኖም ተመሳሳይ አድራሻ ከፍቶ የእኔን ስም ከፊቱ የሚጽፍን ሰው ይህ ማረጋገጫ አያስቆመውም።

ስለዚህ አጻጻፋችንን ለወጥን። የብዙ ሰዎች አድራሻ ስውር ግልባጭ በሚባለው መስመር እንዲገባ ተደረገ፤ በዚያ የገባ አድራሻ ለሌሎች ተቀባዮች አይታይም። የልጆች ፎቶ በኢሜይል መላክ ቀርቷል። ፎቶው አባሪ ሲሆን መጠኑ በሲሶ ያህል እንደሚጨምር ለቴክኒኩ ለሚያስቡ ልጠቁም፤ ለእኔ ግን የልጅቱ ክብር ይበልጣል። ርዕሱ ጉዳዩን በግልጽ ይናገራል፤ ለምሳሌ «የሁለተኛው መንፈቀ ዓመት የትምህርት ክፍያ ሪፖርት»። ቀለምና ጌጥ የለውም።

ስለ ፊደላችንም አንድ ነገር ልበል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል ሠንጠረዥ ውስጥ ከመግባቱ በፊት፣ በአንዱ ፎንት የተጻፈ አማርኛ በሌላው ኮምፒውተር ላይ ትርጉም የለሽ ምልክት ሆኖ ይታይ ነበር። ከዚህም የተነሣ ብዙዎቻችን አማርኛን በላቲን ፊደል እንጽፍ፣ ወይም ደብዳቤውን በወረቀት አትመን ፎቶውን እንልክ ነበር። ዛሬ ይህ ችግር በአብዛኛው ተወግዷል፤ ልማዱ ግን አልተወንም። ፎቶ የሆነ ጽሑፍ በቃል ፍለጋ አይገኝም፤ ዓይናቸው ለደከመ አባቶችም ስልካቸው አንብቦ ሊያሰማቸው ይቸገራል። በዚያ ላይ አታላዮች ማጣሪያን ለማምለጥ ጽሑፋቸውን በሥዕል ውስጥ ሲደብቁ ኖረዋል። እንግዲህ በተራ ጽሑፍ፣ በገዛ ፊደላችን እንጻፍ።

ከእናንተ የምንጠይቀው ጥቂት ነው። ደብዳቤያችን ከስፓም መካከል ከተገኘ «ስፓም አይደለም» የሚለውን ተጫኑ፤ ማጣሪያው ከዚህ ይማራል። ለማታውቁት ላኪ፣ ለመገሠጽም ቢሆን፣ መልስ አትስጡ፤ መልሱ አድራሻችሁ ሕያው መሆኑን ይነግረዋል። የባንክ ሒሳብ ቁጥር መለወጡን በኢሜይል አንገልጽም። እንዲህ የሚል ደብዳቤ ሲደርሳችሁ፣ በደብዳቤው ላይ በተጻፈው ስልክ ሳይሆን ቀድሞ በምታውቁት ስልክ ደውሉልን።

ከላይ የጠቀስኋቸው እናት የላኩት ገንዘብ አልተመለሰም። የልጅቱን ክፍያ ሌሎች ወንድሞችና እህቶች አዋጥተው ስለ ሞሉት ትምህርቷ አልተቋረጠም። እኚህ እናት ዛሬም ለጋሻችን ናቸው፤ ነገር ግን ደብዳቤ በላክሁ ቁጥር ይደውሉና «ኡስታዝ፣ አንተው ነህ?» ይሉኛል። እኔም ነኝ እላቸዋለሁ።