አበባን አይቶ መጻፍ

ተማሪዎች፣ ገላጭ ድርሰት አንድን ነገር፣ አንድን ቦታ ወይም አንድን ሰው አንባቢው በዓይኑ ያየው፣ በእጁ የዳሰሰው፣ በአፍንጫው ያሸተተው ያህል እንዲሰማው አድርጎ የሚያቀርብ የድርሰት ዓይነት ነው። ለዚህ ትምህርት አበባን መርጠናል። የመረጥንበትም ምክንያት ርእሱ ቀላል መስሎ ብዙ ጸሐፊ የሚያሰናክል ስለሆነ ነው።

ስለ አበባ ጻፉ ሲባል አብዛኛው ተማሪ ብዕሩን እንዳነሣ የሚጽፈው ዓረፍተ ነገር የታወቀ ነው፤ «መስከረም ሲጠባ ምድር በአደይ አበባ ታሸበርቃለች።» ዓረፍተ ነገሩ የሰዋስው ስሕተት የለበትም። ባለቤት አለው፤ ማሰሪያ አንቀጽም አለው። ይሁን እንጂ ጸሐፊው አደይ አበባን አይቶ ይጻፈው ወይም ከጓደኛው ደብተር ይገልብጠው ለማወቅ አይቻልም። የድርሰት መምህር በየዓመቱ መስከረም ላይ ይህን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንደሚያነብ ብታውቁ ታዝኑለት ነበር።

እስቲ አንድ አደይ አበባ ቀጥፈን ቀረብ ብለን እንመልከተው። በዳር በኩል ቢጫ ቅጠሎች ተዘርግተው በመሐል ያለውን ክብ ይከብቡታል። ክቡን በጥፍራችን ጫፍ ስንለያየው ብዙ ጥቃቅን አበባዎች ተጠጋግተው የቆሙበት ሆኖ እናገኘዋለን። እያንዳንዱ ትንሽ አበባ እንደ ቱቦ የተጠቀለለ ሲሆን ወንዴና ሴቴ ክፍሎች አሉት። በዳር ያሉት «ቅጠሎች» የምንላቸውም ቢሆኑ እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ አበባዎች ናቸው፤ ተግባራቸውም ንብንና ሌሎችን በራሪ ነፍሳት ከሩቅ መጥራት ነው። ስለዚህ አንድ አበባ ብለን የቀጠፍነው በእውነቱ የብዙ አበባዎች ጉባኤ ነው። በዘር የሚዛመዱት ኑግና ሱፍም እንደዚሁ ናቸው። ይህን ያየ ተማሪ የሚከተለውን ሊጽፍ ይችላል፤

«ከሩቅ አንድ አበባ የሚመስለው ቢጫ ክብ ቀረብ ብለው ሲያዩት ትከሻ ለትከሻ ተጋፍተው የቆሙ የጥቃቅን አበባዎች ጉባኤ ነው።»

በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ «ውብ» ወይም «ማራኪ» የሚል ቃል እንደሌለ ልብ በሉ። ቅጽሎችን በሁለት ወገን ከፍሎ ማየት ይጠቅማል። «ውብ»፣ «ቆንጆ»፣ «ማራኪ»፣ «አስደናቂ» የሚሉት ፍርድ ይሰጣሉ፤ «ቢጫ»፣ «ክብ»፣ «ጥቃቅን» የሚሉት ግን ይመሰክራሉ። ምስክር ሳይሰማ ፍርድ የሚሰጥ ዳኛ እንደማይታመን ሁሉ መስካሪ ቅጽል የሌለው ድርሰትም አይታመንም። በተጨማሪም «የሚመስለው» እና «የቆሙ» የሚሉትን ተመልከቱ። እነዚህ በመሠረቱ ግሦች ናቸው፤ «የ» ሲጨመርባቸው ግን ከስም በፊት ገብተው የቅጽልን ሥራ ይሠራሉ። እንቅስቃሴንም ስለሚይዙ ከተራው ቅጽል ይልቅ ሥዕሉን ሕያው ያደርጉታል። ነገር ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አራትና አምስት ጊዜ ከደራረብናቸው አንባቢው ማሰሪያ አንቀጹ ላይ ሳይደርስ ይደክመዋል።

በዓለም ላይ እስካሁን የታወቁት የአበባ ተክሎች ከ300,000 ዝርያዎች በላይ ናቸው። የኢትዮጵያና የኤርትራን ዕፅዋት የሚዘረዝሩትን መጻሕፍት ማዘጋጀት እ.ኤ.አ. በ1980 ተጀምሮ በ2009 እስኪጠናቀቅ ድረስ ወደ ሠላሳ ዓመት ፈጅቷል፤ በውስጣቸውም ወደ 6,000 የሚጠጉ ዝርያዎች ተመዝግበዋል። ይህን ሁሉ ልዩ ልዩ ፍጥረት «አበባ» በሚል አንድ ስም ስለምንጠራው፣ ልዩነቱን ማሳየት የጸሐፊው ኃላፊነት ነው።

ለምሳሌ ኮሶን እንውሰድ። የኮሶ ወንዴና ሴቴ አበባ የሚገኘው በተለያዩ ዛፎች ላይ ነው። የሴቴዋ ዛፍ አበባ ቀላ ያለ ነው፤ እንደ ዘለላም ሆኖ ቁልቁል ይንጠለጠላል። ከሩቅ ያየው ሰው ዛፉ ጌጥ የለበሰ ይመስለዋል። አያቶቻችን ግን ይህንኑ አበባ አድርቀው፣ ወቅጠውና በውኃ በጥብጠው በሆድ ውስጥ ያለውን ትል ለማስወጣት ይጠጡት ነበር፤ ትሉም መድኃኒቱም በአንድ ስም ኮሶ ይባላሉ። እንግዲህ ስለ ኮሶ አበባ የሚጽፍ ሰው መልኩን ገልጾ ምሬቱን ቢተወው አንባቢውን አታልሎታል ማለት ነው። የቡና አበባ ደግሞ የአፍንጫ ርእስ ነው። ከደረቅ ወራት በኋላ ዝናብ ሲጥል እንቡጦቹ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይፈነዳሉ፤ ነጫጭ አበባዎቹ መዐዛቸውን በአካባቢው ናኝተው በሁለትና በሦስት ቀን ይጠወልጋሉ። በሰሜንና በባሌ ተራሮች ውርጭ የሚበቅለው ጅብራ ብዙ ዓመት ቅጠል ብቻ ሆኖ ይቆይና አንድ ጊዜ ከአናቱ እንደ ዓምድ ቀጥ ያለ አበባ ያወጣል። ዘሩን ከበተነ በኋላ ይሞታል። ጅብራን ለመግለጽ ቀለምና ቅርጽ አይበቁም፤ ጊዜም መግባት አለበት።

ስለ ጊዜ ካነሣን ዘንድ በውበቱ ማንም የማያነሣውን አንድ አበባ እናንሣ። ጤፍ ያብባል ወይ ተብለው ቢጠየቁ እንጀራ በልተው ያደጉ ብዙ ሰዎች ያመነታሉ። ጤፍ ያብባል። አበባው ግን እጅግ ትንሽ ነው፤ ቀለም ያለው ቅጠል የለውም፤ ንብም አይጠራም። ቀረብ ብሎ በማጉያ መነጽር የተመለከተው ሰው ሦስት ወንዴ ክፍሎችንና ብዙውን ጊዜ ሁለት ላባ መሰል የሴቴ ጫፎችን ያገኛል። አበባው በአብዛኛው በራሱ ብናኝ ራሱን ያዳቅላል። ከዚህም የተነሣ የአንዱን የጤፍ ዓይነት ምርታማነት ከሌላው ንጣት ጋር በማዳቀል ለማጣመር የሚፈልጉ ተመራማሪዎች ለረጅም ጊዜ መንገዱ ተዘግቶባቸው ነበር። ለማዳቀል የአንዱ ብናኝ ወደ ሌላው መድረስ አለበት፤ አበባው ግን በሥራ ሰዓት ሲያዩት ሁልጊዜ ዝግ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ አጋማሽ ዶክተር ታረቀ በርሄ የተባሉ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ የጤፍ አበባ የሚከፈትበትን ጊዜ ደረሱበት። አበባው የሚከፈተው በማለዳ፣ ከ12 ሰዓት ከ45 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ኖሯል። ፀሐይ ከፍ ካለ በኋላ ወደ ማሳው የሚሄድ ሰው ዕድሜ ልኩን ቢመላለስ አያየውም። ከዚያ በኋላ በማጉያ መነጽርና በቀጭን መርፌ እየታገዙ የወንዴውን ክፍል ቀድሞ በማውጣትና የሌላውን ብናኝ በሰዓቱ በማድረስ ጤፍን ማዳቀል ተቻለ። እ.ኤ.አ. በ2006 ለገበሬው የተለቀቀው «ቁንጮ» የተባለው ዝርያ የተገኘው በዚሁ መንገድ ነው፤ ከወላጆቹ አንደኛው በምርቱ ብዛት፣ ሁለተኛው በፍሬው ንጣት የተመረጡ ነበሩ።

ይህን ታሪክ በሰዋስው ትምህርት ውስጥ ያስገባነው ያለ ምክንያት አይደለም። ተውሳከ ግሥ «መቼ?»፣ «የት?»፣ «እንዴት?» ለሚሉት ጥያቄዎች መልስ እንደሚሆን ተምራችኋል። «የጤፍ አበባ ይከፈታል» የሚለው ዓረፍተ ነገር ባለቤትና ማሰሪያ አንቀጽ ስላለው በሰዋስው ረገድ ሙሉ ነው። «የጤፍ አበባ በማለዳ ይከፈታል» የሚለው የተሻለ ነው። «የጤፍ አበባ ጧት ከ12 ሰዓት ከ45 ደቂቃ እስከ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ይከፈታል» የሚለው ግን ማልዶ ተነሥቶ፣ ጤዛ ረግጦ፣ ጎንበስ ብሎ ያየ ሰው ዓረፍተ ነገር ነው። ተመራማሪዎቹ ለብዙ ዘመን የጎደላቸው አንድ ተውሳከ ግሥ ነበር ብንል ብዙ አላጋነንንም።

መልመጃ

1. በመኖሪያችሁ ወይም በትምህርት ቤታችሁ አቅራቢያ የሚያብብ አንድ ተክል ምረጡ። የጎመን፣ የባቄላ ወይም የሣር አበባ ቢሆንም ይሆናል። ጧት፣ ቀትር ላይና ማታ እየሄዳችሁ ያያችሁትን ለውጥ ከነሰዓቱ በማስታወሻችሁ መዝግቡ።

2. ከመዘገባችሁት ውስጥ መርጣችሁ ሁለት አንቀጽ ያለው ገላጭ ድርሰት ጻፉ። ፍርድ ሰጪ ቅጽል አትጠቀሙ። ቢያንስ ሦስት መስካሪ ቅጽሎችንና «የ» ተጨምሮባቸው እንደ ቅጽል የሚያገለግሉ ሁለት ግሦችን አስገቡ፤ ከሥራቸውም አስምሩባቸው።

3. ድርሰታችሁን የተክሉን ስም ሳትጠሩ ለጓደኛችሁ አንብቡለት። ጓደኛችሁ ተክሉን ለይቶ ካላወቀው ወደ ተክሉ ተመልሳችሁ ሂዱ።