ቅዳሜ ጠዋት በሰው አገር

ልጄ፣ የዓመት ፈቃድሽን ይዘሽ ልትጓዢ መሆኑን ስትነግሪኝ ስለ ሆቴሉም፣ ስለ ሙዚየሙም፣ ስለ ገበያውም አጫወትሽኝ። ቅዳሜ ጠዋት የት እንደምትውዪ ግን አላነሳሽም። ለንደን ስኖር ከጎረቤቶቼ ጋር ያስተዋወቀኝ ፓርክራን የሚባለው የቅዳሜ ጠዋት የነጻ ሩጫ ነው። ዛሬም እንግዳ ሆኜ በሄድኩበት ከተማ ሁሉ አስቀድሜ የምጠይቀው እሱን ነው። ስለዚህ የማውቀውን ልንገርሽ።

1. ከምን እንደተነሳ እወቂ። ፖል ሲንተን ሂዊት የሚባል ሯጭ ተጎድቶ መሮጥ አቃተው፤ ሥራውንም አጥቶ ነበር። በዚያ በከፋው ጊዜ ከጓደኞቹ ላለመራቅ ብሎ እነሱን ሊያስሮጥ፣ እሱ ሰዓት ሊይዝ ወሰነ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2 ቀን 2004፣ ለንደን ውስጥ ቡሺ ፓርክ በሚባለው ሰፊ መናፈሻ 13 ሰዎች ሮጡ፤ 5 ሰዎች አስተናገዱ። በዚያ በጅማሬው ዘመን ሯጩ ስንተኛ እንደገባ የሚታወቀው ቁጥር በተመታባት የብረት ሮንዴላ ነበር። ዛሬ በብዙ አገሮች በየሳምንቱ ቅዳሜ 5 ኪሎ ሜትር ይሮጣል፣ ይኬዳልም። አንድ ሳንቲም አይከፈልበትም። የተጀመረው ሰው ብቻውን እንዳይቀር ነውና አንቺም በዚሁ መንፈስ ሂጂ።

2. ከመሄድሽ በፊት አንድ ጊዜ ተመዝገቢና ባርኮድሽን ያዢ። በስልክሽም፣ በወረቀትም ይሆናል። ያው አንድ ባርኮድ በየትም አገር ይሠራል። ከሌለሽ መሮጥ አትከለከዪም፤ ሰዓትሽ ግን አይመዘገብም።

3. ሰዓቱን ከአገር አገር ለይተሽ እወቂ። እንግሊዝ ውስጥ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው፤ ስኮትላንድና ሰሜን አየርላንድ 3 ሰዓት ተኩል፤ ደቡብ አፍሪካ 2 ሰዓት፤ አውስትራሊያ ኩዊንስላንድ ደግሞ ሙቀቱን ሽሽት ገና በ1 ሰዓት። ዓርብ ማታ ደግሞ መኖሩን አረጋግጪ። በጎርፍ፣ በበረዶ ወይም በሌላ ዝግጅት ምክንያት የሚሰረዝበት ቅዳሜ አለ። አንድ ክረምት እኔ ሳላረጋግጥ ሁለት ባቡር ቀያይሬ ሄጄ፣ ሜዳው ላይ ውሻ ከሚያንሸራሽሩ ሰዎች በቀር ማንንም አላገኘሁም። ያን ጠዋት እስካሁን ይቆጨኛል።

4. ቦታ ስትመርጪ ዓይንሽን የሚያጠግበውን ምረጪ። በእረፍት ላይ ሰዓት ለማሻሻል ጠፍጣፋ መንገድ የሚፈልጉ አሉ፤ እኔ አልስማማም።

ቡሺ ፓርክን ከቻልሽ በመከር እዪው። አጋዘኖቹ የሚጣመሩበት ወቅት ስለሆነ ወንዶቹ ሲያገሡ ከሩቅ ይሰማል። አንድ ቀን ጉም ገና ሳይገፈፍ ከዛፎቹ መሐል አንድ ባለ ትልቅ ቀንድ ብቅ አለ። ቀንዱ ላይ የእርጥብ ሣር ጉንጉን ተጠምጥሞበት፣ ከአፍንጫው እንፋሎት እየወጣ፣ ቀስ ብሎ መንገዳችንን አቋረጠ። ከፊቴ የነበሩት ሁሉ ቆሙ። ስለ ሰዓቱ ያጉረመረመ አንድም ሰው አልነበረም። አንቺም እንደዚያ ቁሚ፤ ፎቶ ለማንሳት ግን አትጠጊ። የመናፈሻው አስተዳደር 50 ሜትር ራቁ የሚለው በምክንያት ነው።

ወደ ሰሜን እንግሊዝ ከዘለቅሽ ፋውንቴንስ አቢ አለልሽ። እ.ኤ.አ. በ1132 መነኮሳት የመሠረቱት፣ ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ገዳማትን ሲያዘጋ በ1539 የፈረሰ ገዳም ነው። ጣሪያ በሌለው ሕንጻ አጠገብ ስታልፊ ድምፅሽን ዝቅ ማድረግሽ አይቀርም፤ ገዳም እያየ ላደገ ሰው ፍርስራሹም ገዳም ነው። ሰሜን አየርላንድ ፖርትረሽ ደግሞ የሚሮጠው ባሕር ዳር አሸዋ ላይ ነው። አሸዋው እግር ይይዛል፤ ነፋሱ ፊት ለፊት ይመጣል። ውኃው ጠርዝ አጠገብ ጠጠር ያለውን አሸዋ ተከትለሽ ሩጪ።

ዘመድ ጥየቃ ዋሽንግተን ለሚሄድ ደግሞ ፍሌቸርስ ኮቭን እመክራለሁ። በአንድ በኩል የድሮው ቦይ፣ በሌላው የፖቶማክ ወንዝ፤ መሐል ያለው መንገድ በቅሎዎች የጭነት ጀልባ ይጎትቱበት የነበረ ነው። ሜዳ ስለሆነ ለጀማሪም ይመቻል። አክስትሽንም ይዘሻት ሂጂ፤ በእግሯ ትጨርሰዋለች።

5. የአገርሽን ስም እንደ ሸክም አትሸከሚ። ይህን ረጋ ብለሽ አንብቢው። ከኢትዮጵያ ነኝ ስትዪ «አሃ፣ ፈጣን ነሽ ማለት ነው» ይሉሻል። ብዙ የእኛ ልጆች በዚህች ቃል አፍረው ሁለተኛ ሳይመለሱ ቀርተዋል። በአበበ ቢቂላ ስም ኋላ መቅረት የከበዳቸውን አውቃለሁ፤ እኔም ከብዶኝ ያውቃል።

ጉልበቴን ታምሜ ከቆየሁ በኋላ የተመለስኩ ቀን ሁሉም ሰው አልፎኝ ሄደ። የሚያንጸባርቅ ሰደርያ የለበሰች አንዲት ሴት ብቻ ከጎኔ ቀረች። ሥራዋ ያ ነበር፤ በየቦታው ከሁሉም ኋላ የሚሄድ አንድ በጎ ፈቃደኛ ይመደባል፤ መጨረሻ የሚገባውም እሱ ነው። ስለ እናቴ ጠየቀችኝ፣ ስለ ቡና አፈላላችን ጠየቀችኝ። መጨረሻው መስመር ጋ ስንደርስ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ቀረት ብላ እኔን አስቀደመችኝ። ሰዓት መዝጋቢዎቹ አልሄዱም ነበር፤ አጨበጨቡልኝ።

እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ ደራርቱ ቱሉ 10,000 ሜትር ካሸነፈች በኋላ ደቡብ አፍሪካዊቷን ኤላና ማየርን መጨረሻው መስመር ጋ ጠብቃ አቀፈቻት፤ እጅ ለእጅ ተያይዘውም ሜዳውን ዞሩ። «ፈጣን ነሽ?» ሲሉሽ ያንን አስታውሰሽ፣ ፈገግ ብለሽ በራስሽ ሶምሶማ ሂጂ።

6. እንግዳ መሆንሽን አትደብቂ። ከመነሳታችሁ በፊት አጭር ማብራሪያ አለ፤ ከሌላ ቦታ የመጣ ካለ ብለው ይጠይቃሉ። እጅሽን አውጪ፣ ከየት እንደመጣሽም ተናገሪ። ይጨበጨብልሻል፤ ከዚያ በኋላ የት ቁርስ እንደሚበላ፣ የትኛው መንደር እንደሚያምር የሚነግርሽ አታጪም። ስትጨርሺ የሚሰጥሽን ቁጥር ያለበት ካርድ አስመዝግበሽ እዚያው መልሺ፤ በኪስሽ ይዘሽው ከሄድሽ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ያጎድላል። ብዙዎቹ ጨርሰው ቡና ይጠጣሉና ሆቴሌ ልግባ ብለሽ አትሩጪ። ላብሽ እንዳይበርድብሽ ግን ደረቅ ሹራብ ያዢ።

7. በዓመት ጥቂት ቅዳሜ አገልግዪ። ሁሉንም የሚያንቀሳቅሱት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ በሄድሽበት ከተማም ቀድመሽ ጽፈሽ ብትጠይቂ ደስ ይላቸዋል። መታጠፊያ ላይ ቆሞ አቅጣጫ ማሳየት ቋንቋ እንኳ ብዙ አይጠይቅም።

8. ወደ አገር ቤት ስትመጪ ፓርክራን የለም። አዲስ አበባ ግን መስቀል አደባባይ ጎህ ሲቀድ ደረጃው ላይ የሚሮጠውን ሕዝብ ታውቂዋለሽ፤ እንጦጦም አለ። ከቆላ አገር ለሚመጣ ሰው አየሩ ስስ ነው፤ እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ የመጀመሪያዎቹን ቀናት በእርምጃ ብቻ አሳልፊ። አገር ቤት የጎደለው ሯጭ አይደለም። የጎደለው ቅዳሜ ቅዳሜ፣ በተወሰነ ሰዓት፣ በነጻ፣ ዘገምተኛውን አዛውንትም የሚጠብቅ ቀጠሮ ነው። ስሙ ሌላ ይሁን፤ ሐሳቡን ግን ይዘሽው ነይ። ቡሺ ፓርክ የተጀመረው በ13 ሯጭና በ5 አስተናጋጅ ነው፤ ያን ያህል ሰው ከቤተሰባችንና ከሠፈራችን አይጠፋም። ጃንሜዳን አስቢበት። ሰዓት እኔ እይዛለሁ።