የቱኒዝያ ወጣቶች በበረዶ ላይ

ሰው የሚማረው በአገሩ የሚገኘውን ሥራ ብቻ አይደለም፤ መምህርና መሣሪያ ካገኘ አባቶቹ ያላዩትንም ይለምዳል። ለዚህ ምስክር የሚኾን ነገር በጥር 2016 ዓ.ም. በደቡብ ኮርያ፥ ጋንግዎን በሚባለው አውራጃ ታየ። በዚያ የ78 አገሮች ወጣቶች ለብርድ ወራት ኦሊምፒክ ጨዋታ ተሰብስበው ነበር። የቱኒዝያ ወጣቶችም ወደዚህ ጨዋታ ሲመጡ የመጀመሪያቸው ነበረ።

የተወዳደሩበት ሞኖቦብ የሚባለው፥ ከሥሩ የብረት መንሸራተቻ ያለው፥ አንድ ሰው ብቻ የሚነዳው ሠረገላ ነው። ተወዳዳሪው አስቀድሞ እየገፋ ይሮጣል፤ ቀጥሎም ዘሎ ይገባና በረዶ በለበሰ ጠመዝማዛ ቦይ ቍልቍል እየመራ ይወርዳል። በመግፋቱ ጊዜ ጥቂት ቢዘገይ፥ መዘግየቱ እስከ ታች ይከተለዋል።

እንዲህ ያለ ቦይ በአፍሪካ አንድ ስንኳ የለም። ነገር ግን ኮርያውያን በ2010 ዓ.ም. ኦሊምፒክ የተደረገበትን የፒዮንግቻንግ ቦይ ከጨዋታው በኋላ ባዶ አልተዉትም፤ በረዶ ከማያውቁ አገሮች ወጣቶችን እየጠሩ አስተማሩበት። ከተማሩትም አንዱ ጆናታን ሉሪሚ የብር ሜዳይ አግኝቶ ለቱኒዝያ በበረዶ ጨዋታ የመጀመሪያውን ሜዳይ አስገኘላት። ከሞቃት አገር ከታይላንድ የመጣች ልጃገረድም በሴቶቹ ውድድር እንዲሁ የብር ሜዳይ ወሰደች።

እንግዲህ መምህራንና ሽማግሌዎች ኹለት ነገር ያስተውሉ። ልጅ የሚጠይቀውን ትምህርት «በአገራችን የለም» ብሎ መከልከል አይገባም። ደግሞም የልጁ ትጋት ብቻውን አይበቃም፤ ቦዩን የከፈተለት ባይኖር ኖሮ ትጋቱ ሳይታይ በቀረ ነበር። ስለዚህ መሣሪያ ያለው ትምህርት ቤት ለሌለው ጎረቤቱ ያውሰው።