በወጣት ጉበት ላይ እብጠት ሲገኝ፦ ከሞርሲቶ የሚጀምር የምርመራ ጉዞ

ፋይብሮላሜላር ካርሲኖማ ጤናማ ጉበት ላይ የሚነሳ፣ ብዙም የማያጋጥም ካንሰር ነው። በአብዛኛው የሚታየው ከ40 ዓመት በታች ባሉ ሰዎች ላይ ነው። ልጃችሁን ወይም ወንድማችሁን ስታሳክሙ በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ።

1. ምልክቱን ጻፉ። ከቀኝ ጎድን ሥር ሕመም ወይም እብጠት፣ የምግብ ፍላጎት ማጣትና ክብደት መቀነስ መቼ እንደጀመረ አስፍሩ። ለወፍ በሽታ ተብሎ የተወሰደ የባህል መድኃኒት ካለ አትደብቁ።

2. ሞርሲቶ ከተማ ባለው ጤና ተቋም አስመርምሩ። ሐኪሙ ሆዱን በእጁ ይዳስስ።

3. አልትራሳውንድ አስነሡ። እብጠቱ ውሃ የቋጠረ ነው ወይስ ድፍን? ብላችሁ ጠይቁ።

4. ደም አስመርምሩ። ሄፓታይተስ ቢ፣ ሄፓታይተስ ሲ እና ኤኤፍፒ የተባለው የጉበት ካንሰር ጠቋሚ ይታዩ። ጥንቃቄ፦ በዚህ ካንሰር ኤኤፍፒ አብዛኛውን ጊዜ አይጨምርም። ውጤቱ ደህና ነው ተብሎ ምርመራው አይቁም።

5. የሪፈር ወረቀት ያዙ። ሆሳዕና ወደሚገኘው ንግሥት እሌኒ መሐመድ መታሰቢያ ሆስፒታል፣ ካስፈለገም አዲስ አበባ ወደ ጥቁር አንበሳ ይወስዳችኋል። የጤና መድህን ደብተሩን አትርሱ።

6. በደም ሥር ቀለም ተሰጥቶ የሚነሳ ሲቲ ስካን ወይም ኤምአርአይ አስነሡ። ከሲቲ ስካኑ በፊት ኩላሊት ይመርመር። መሐል ላይ ጠባሳ ያለው ትልቅ እብጠት ጥርጣሬውን ያጠናክራል። ካንሰር ያልሆነ እብጠትም ጠባሳ ሊኖረው ስለሚችል በፎቶው ብቻ አትደምድሙ።

7. ስለ ናሙና ከቀዶ ሐኪሙ ጋር ተመካከሩ። በመርፌ ይወሰድ ወይስ እብጠቱ በቀዶ ጥገና ይውጣ? ጥንቃቄ፦ ከውሻ የሚተላለፍ ትል ያመጣው የውሃ ቋጠሮ አለመሆኑ አስቀድሞ ይጣራ። እሱ በመርፌ ከተወጋና ፈሳሹ ከፈሰሰ አደገኛ አለርጂ ሊያስነሣ ይችላል። የደም መርጋት ምርመራም ይቅደም።

8. ናሙናውን በፎርማሊን ወደ ፓቶሎጂ ላቦራቶሪ አድርሱ። በውሃ አታስቀምጡ። ዕቃው ላይ ስምና ቀን ይጻፍ።

9. ፓቶሎጂስቱ ሲኬ7 እና ሲዲ68 የተባሉትን ማቅለሚያዎች እንዲያይ በሐኪሙ በኩል ጠይቁ። የሁለት ጂኖች መጣበቅ የዚህ ካንሰር መለያ መሆኑ የታወቀው በ2014 እ.ኤ.አ. ነው። የጂን ምርመራው ከተገኘ ጥርጣሬውን ይቆርጣል።

10. ፎቶውንና ወረቀቱን በአንድ ፋይል ይዛችሁ ወደ ሐኪሙ ተመለሱ።

ዋናው ሕክምና ዕጢውን በቀዶ ጥገና ሙሉ በሙሉ ማውጣት ነው። ስለዚህ አንዱ ደረጃ እንዳለቀ ለቀጣዩ ቀጠሮ ያዙ።