ሞተሩን እንደ መኪና ቁጠረው

ልጄ፣ የሕዝብ አንድ መንጃ ፈቃድህን አውጥተህ ከደሴ ሐይቅ፣ ከሐይቅ ውጫሌ ሚኒባስ ልትይዝ መሆኑን እናትህ ነገረችኝ። እንኳን ደስ አለህ። መሪና ማርሹን ማሠልጠኛው አስተምሮሃልና በእሱ አልጨቀጭቅህም። የምጽፍልህ በዚህ መንገድ ላይ ከጠዋት እስከ ማታ አብሮህ ስለሚውለው ስለ ሞተረኛው ነው። ጡረታ ወጥቼ መንገድ ዳር መቀመጥ ከጀመርኩ ወዲህ፣ ከመሪ ኋላ ሆኜ ያልታየኝ ብዙ ነገር ይታየኛል።

1. መጀመሪያ ሞተሩ ላይ የተቀመጠው ማን እንደሆነ እወቅ።

አዲስ አበባ ከሰኔ 30 ቀን 2011 ጀምሮ ሞተር ሳይክል በከተማዋ እንዳይንቀሳቀስ ከልክላ ነበር፤ በኋላም ፈቃድ ላላቸው ብቻ ነው የተፈታው። እዚያ አውቶቡስም፣ ታክሲም፣ ባቡርም አለ። ሞተሩ ቢቀር ሰው ሌላ መሄጃ አያጣም። የአምባሰልን ሸንተረር ግን አንተም ታውቀዋለህ፤ ከአስፋልቱ ወጣ ካልክ መኪና የማይወጣው ቀበሌ ብዙ ነው። ወደዚያ የሚደርሰው በሞተር የሚሄደው የግብርና ባለሙያ ነው። ክትባት የያዘው የጤና ሠራተኛም፣ ቅዳሜ ቤተሰቡ ጋ የሚወርደው መምህርም፣ የታመመ አባቱን ከኋላ አዝሎ ሐኪም ቤት የሚያደርሰው ጎረምሳም በሞተር ነው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ጫት የጫነው አለ፤ ቅጠሉ ሳይጠወልግ ገበያ ለማድረስ የሚበር። ሾፌሮች ሲሰበሰቡ «እነዚህ ሞተሮች» እያሉ በጅምላ ሲራገሙ ትሰማለህ። አብረህ አትራገም፤ የናቅኸውን ሰው ዓይንህም አይፈልገውም።

2. «አላየሁትም» የሚለውን ቃል ከአፍህ አውጣ።

ሞተረኛ የገጨ ሾፌር ሁሉ ለትራፊክ ፖሊሱ መጀመሪያ የሚናገረው ይህንኑ ነው፤ ብዙ ጊዜም እውነቱን ነው። አሜሪካ ሎስ አንጀለስ ውስጥ ሃሪ ኸርት የሚባል ተመራማሪና ባልደረቦቹ 900 የሚሆኑ የሞተር አደጋዎችን ቦታው ድረስ እየሄዱ መርምረው እ.ኤ.አ. በ1981 ውጤቱን አወጡ። ሞተር ከሌላ ተሽከርካሪ ጋር ከተጋጨባቸው አደጋዎች ከሦስቱ በሁለቱ ቅድሚያ የነጠቀው ባለ መኪናው ሆኖ ተገኘ። ብዙዎቹም ሞተሩን ጨርሶ አላየነውም፣ ወይም ያየነው ከረፈደ ነው አሉ። ቀኑ ብሩህ፣ መንገዱም ግልጽ ሆኖ ሳለ ማለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓይን ከቀኝ ወደ ግራ በፍጥነት ሲዞር በመካከል ያለውን አያነብም። ዘለል ብሎ ያርፋል፤ ሞተር የሚያህል ቀጭን ነገር በዚያ ዝላይ ውስጥ ይጠፋል። በፊት መስታወትህና በበርህ መካከል ያለው ምሰሶም ሞተርን ከነሰዉ ይሸፍነዋል። ከሁሉ የከፋው ግን ትንሽ ነገር ሩቅ መምሰሉ ነው። አይሱዙና ሞተር እኩል ርቀት ላይ ሆነው እኩል ፍጥነት ቢመጡ፣ አይሱዙውን ፈርተህ ትቆማለህ፣ ሞተሩን «ገና ነው» ብለህ ትገባበታለህ።

ሐይቅ ከተማ ላይ ይህ የሚገጥምህ ቦታ ይታወቃል። ከወልድያ በኩል መጥተህ ወደ ቢስቲማ ለመታጠፍ ወደ ግራ ስትቆርጥ ነው። ፍሬቻህን አስቀድመህ አብራ፣ ቁም፣ እይ፤ ከዚያ ከወንበርህ ትንሽ ወደ ፊት ጎንበስ ብለህ ምሰሶውን አልፈህ ደግመህ እይ። ሁለተኛው እይታ የሚወስድብህ አንድ ሴኮንድ ነው። ከኋላህ ክላክስ የሚያንባርቅብህ ካለ ያንባርቅ።

3. ስትቀድመው መኪና እንደምትቀድም ቅደመው።

ሞተር ቀጭን ስለሆነ አብሮ የሚያሳልፍ ይመስላል። እሱን በቀኝ፣ ከፊት የሚመጣውን በግራ አድርገህ በመካከል ለመሹለክ አትሞክር። ሞተረኛ በአንድ መስመር ላይ ተተክሎ አይሄድም። ጉድጓድ ይሸሻል፣ ፍየል ይሸሻል፣ የፈሰሰ ነዳጅ ይሸሻል። አንተ በአራት ጎማ ሳታውቀው የምትረግጠው ጠጠር እሱን ይጥለዋል። ስለዚህ ለመቅደም ስታስብ ከሱ ፊት ያለውን አስፋልት አንብብለት፤ እሱ ወዴት ሊዞር እንደሚገደድ ታውቃለህ። የግራው መስመር ባዶ ካልሆነ ከኋላው ቆይ። ካለፍክም በኋላ በስፖኪዮህ ሙሉ በሙሉ እስኪታይህ ወደ ቀኝ አትመለስ። ንፋሱንም አትርሳ፤ የተጫነ ሲኖትራክ በጎኑ ሲያልፍ ሞተሩ መጀመሪያ ይገፋል፣ ቀጥሎ ወደ መኪናው ይሳባል። የአንተ ሚኒባስ ያን ያህል ባይሆንም ገላጣ ዳገት ላይ ያንገዳግደዋል።

ተጠግተህ ክላክስ አትንፋበት። ይደነግጣል፣ ዞሮ ያይሃል፣ እጀታውም አብሮ ይዞራል።

4. ከፊትህ ሞተር እየመጣ ከሆነ መንገዱ ባዶ አይደለም።

ልጄ፣ ከዚህ ደብዳቤ አንድ ነገር ብቻ የምትይዝ ከሆነ ይህን ያዝ። በእኛ መንገድ ላይ ሰው የሚፈጀው ክፉ ልማድ ይህ ነው። ሾፌሩ ከፊቱ የሚንፏቀቀውን ጭነት መኪና ሊቀድም ወደ ግራ ይወጣል። ከማዶ መኪና ቢመጣ ይመለስ ነበር። የሚመጣው ሞተር ሲሆን ግን አይመለስም፤ መብራቱን ብልጭ ብልጭ ያደርግና «ውረድ!» ይለዋል። ሞተረኛው በገዛ መስመሩ እየሄደ ከአስፋልት ይወርዳል። ሁሉም ስለሚያደርገው ሕግ እስኪመስል ድረስ ተለምዷል፤ ተሳፋሪውም ዝም ብሎ ያያል። እኔ ግን ሌላ ስም አጥቼለታለሁ፤ ሰውን ከቤቱ ማስወጣት ነው።

እስቲ «ውረድ» የተባለው ሰው የሚገጥመውን ልቁጠርልህ። ይህን መስመር መጀመሪያ የዘረጋው ጣሊያን ነው፣ ተራራውን እየታከከ። እየተሠራ እየታደሰ ቢመጣም ኩርባው ያው ነው፣ ዳሩም በየቦታው የተበላ ነው። አስፋልቱ አልቆ ጠጠሩ በሚጀምርበት ቦታ እንደ ደረጃ የሚወርድ ጠርዝ አለ። ሞተረኛው ያን ጠርዝ በፍጥነት ሲወርድ የፊት ጎማው ይጣመማል። ጠጠሩ ላይ ደርሶ የፊት ፍሬን ከያዘ ጎማው ይንሸራተትና ይወድቃል። ካልያዘ ደግሞ የሚጠብቀው ቦይ፣ የድንጋይ ካብ ወይም ገደል ነው። ከኋላው ሰው ካፈናጠጠ ወይም በግራና በቀኝ ጫት ካንጠለጠለ ሚዛኑን ለማስተካከል ጊዜ የለውም።

ስሌቱንም እይ። አንተ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር፣ እሱ በ60 ከመጣችሁ በመካከላችሁ ያለው መንገድ በየሴኮንዱ 39 ሜትር ያህል ያልቃል። ጭነት መኪናን ለመቅደም አምስትና ስድስት ሴኮንድ ቢፈጅብህ 200 ሜትር ሄደ ማለት ነው። በኩርባው ጫፍ ብቅ ሲል ያየኸው ሞተር ደግሞ ትንሽ ስለሆነ፣ ቀደም ብዬ እንዳልኩህ፣ ካለበት የራቀ ይመስልሃል። በዚያ ላይ ከምሳ በኋላ ቅመህ ምርቃና ላይ ከሆንክ ሁሉም ነገር የሚበቃህ ይመስልሃል። በዚህ ሰዓት እንዲያውም መቅደምን እርሳው።

ልኩ ቀላል ነው፤ የሚመጣው ሞተር ሳይሆን ሌላ ሚኒባስ ቢሆን ኖሮ እወጣ ነበር ወይ ብለህ ራስህን ጠይቅ። አልወጣም ካልክ አትውጣ። ተሳፋሪው «ቅደመው እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ?» ካለህ ሳቅ በልና ተወው፤ መሪው ያለው በአንተ እጅ ነው።

5. ከኋላው ስትሆን ራቅ በል።

ከደሴ ወደ ሐይቅ ቁልቁለቱን ስትወርድ ሞተረኛው ፍሬን ሳይነካ በማርሽ ብቻ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ የኋላ መብራቱ አይበራም። ቀይ መብራት የምትጠብቅ ከሆነ እላዩ ላይ ትደርሳለህ። በ60 ስትነዳ በሴኮንድ ወደ 17 ሜትር ትሄዳለህ፤ ቢያንስ የሁለት፣ በዝናብ የአራት ሴኮንድ መንገድ ተውለት። መኪና ፊትህ ቢበላሽ መኪናውን ትመታለህ። ሞተር ቢወድቅ ግን የምትመታው ሰውን ነው።

6. የረዳትህ በር የአንተ በር ነው።

ሚኒባስ ሲቆም ሞተር በቀኝ በኩል፣ በመኪናውና በመንገዱ ጠርዝ መካከል ይሾልካል። መሾለክ አልነበረበትም፤ ይሾልካል ግን። ረዳትህ በሩን ስቦ ተሳፋሪ ሲያወርድ ሞተሩ የምትወርደውን እናት ከነልጇ ይዟቸው ይሄዳል። ስለዚህ ከመንገዱ ሙሉ በሙሉ ወጥተህ፣ ጠርዙን ተጠግተህ ቁም፤ ረዳትህም ወደ ኋላ ሳያይ በር እንዳይከፍት ከመጀመሪያው ቀን አስለምደው። አንተም በግራ ስትወርድ እንዲሁ። ሱሉላ ላይ፣ ውጫሌ መግቢያ ላይ፣ ሰው እጁን ባወጣበት ሁሉ ድንገት ፍሬን ይዞ መቆም ደግሞ ከኋላህ ለሚከተለው ሞተረኛ ወጥመድ ነው።

7. ማታ።

አንድ መብራት ካየህ ሞተር ነው፣ ወይም ባጃጅ ነው፣ ወይም አንዱ ዓይኑ የጠፋ ጭነት መኪና ነው። መኪና ነው ብለህ አስብና ቦታ ተው። ረጅም መብራትህን ከሩቅ ወደ አጭር መልስ፤ መስታወቱ የተጫጫረ ሄልሜት ያደረገ ሰው የአንተ ብርሃን ሲያርፍበት ለጥቂት ሴኮንድ ምንም አያይም። የኋላ መብራት የሌለው ሞተርም ብዙ ነው። ለዚህ መድኃኒቱ አንድ ነው፤ መብራትህ ከሚደርስበት በላይ አትንዳ።

8. ዝናብና ጉዞ የሚበዛበት ወቅት።

የመጀመሪያው ዝናብ አቧራና ዘይቱን አላቁጦ አስፋልቱን ሳሙና ያደርገዋል፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ከተራራው ድንጋይና ጭቃ ይወርዳል። ሞተረኛው ያንን ሲሸሽ ወደ አንተ መስመር ሊመጣ ይችላል። በመስከረም 21 ለግሸን ማርያም ምእመን ከየአገሩ ሲጎርፍ መንገዱን የማያውቁ ሾፌሮች ይበዛሉ። በዚያ ሳምንት የአገሬው ሰው አንተ ነህና ዝግ በል። በቢስቲማ በኩል ከሄድክ ደግሞ ግመል አለ፤ ሞተረኛ ግመል ሲያይ ምን እንደሚያደርግ እሱም አያውቅም።

9. ጥፋቱን በመሪ አትቅጣው።

ሦስት ሆነው የሚፈናጠጡ አሉ። ያለ መንጃ ፈቃድ፣ ከወንድማቸው ሞተር ላይ የለመዱ አሉ። ሄልሜቱን ክንዱ ላይ አንጠልጥሎ ትራፊክ ሲያይ የሚያጠልቅ አለ፤ ይህ ሰው ምን እንደሚያስብ እስካሁን አልገባኝም። ጥሩ ሄልሜት የሞትን ዕድል በ42 ከመቶ፣ የጭንቅላት ጉዳትን በ69 ከመቶ እንደሚቀንስ ጥናቶችን ያሰባሰቡ ተመራማሪዎች ጽፈዋል። ሻይ ቤት ስታገኘው ምከረው፣ ከፈለግህም ተቆጣው። መንገድ ላይ ግን ትምህርት ልስጠው ብለህ መግቢያ አትዝጋበት፣ አታስፈራራው። ሞተሩ ከነነጂው 250 ኪሎ አይሞላም፤ ተሳፋሪ የሞላ ሚኒባስ ግን ሦስት ቶን ገደማ ነው። ጥፋተኛው እሱ ቢሆንም የሚሞተው እሱ ነው።

10. ከወደቀ።

አንተ ብትገጨውም ሌላ ቢገጨውም ቁም። የአደጋ ምልክት መብራትህን አብራ። ረዳትህን ወደ ኋላ፣ አንድ ተሳፋሪ ወደ ፊት ልከህ መኪና እንዲያስቆሙ አድርግ፤ በኩርባ ላይ ሁለተኛው አደጋ ከመጀመሪያው የከፋ ነው። ሰው ተሰብስቦ እጅና እግሩን ይዞ ብድግ ሊያደርገው ይፈልጋል፤ ከልክል። የአንገትና የጀርባ አጥንቱ ተጎድቶ ከሆነ ያ ማንሳት ሽባ ሊያደርገው ይችላል። የሚተነፍስ ከሆነ ሄልሜቱን አትጎትት። ደም የሚፈሰውን ቦታ ንጹሕ ጨርቅ አድርገህ በኃይል ተጫን፤ ነጠላም ይሁን ሽርጥ የተገኘው ይበቃል። ውኃ አታጠጣው። ጆሮው ሥር ሆነህ «አብሽር፣ አለሁ» በለው፤ አምቡላንስ ካልተገኘና መጫን ግድ ከሆነ በሰፊ ጣውላ ወይም በቃሬዛ ላይ፣ ራሱንና አንገቱን አንድ ሰው በሁለት እጁ እንደያዘ፣ አስተኝተህ ጫን እንጂ ወንበር ላይ አጣጥፈህ አታስቀምጠው።

የሕክምናው ወጪ ያስፈራህ ይሆናል። የተሽከርካሪ አደጋ የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 ለማንኛውም ተጎጂ የአስቸኳይ ሕክምና እንዲሰጥ ደንግጓል፤ ጥፋተኛው ማን እንደሆነ እስኪጣራ ሕክምናው አይቆይም። የመድን ወረቀትህ ጊዜው እንዳላለፈ ዛሬውኑ እይ፣ ከሊብሬው ጋር መኪናው ውስጥ ይኑር። ፖሊስ እስኪመጣ መኪናህን ከቦታው አታንቀሳቅስ፤ ተጎጂውን ለማድረስ ግድ ከሆነ ግን ጎማዎቹ የቆሙበትን በድንጋይ ወይም በኖራ ምልክት አድርገህ፣ ሁለት ምስክር ስልካቸውን ይዘህ፣ ከዚያ ንዳ።